የቅዳሜ ቋንጣ

ጃስማያ የአከራይዋን ድምፅ የሰማችው በሁለት እጇ ሁለት ባልዲ ውሃ አንጠልጥላ ደረጃው አጋማሽ ላይ ስትደርስ ነበር። የሁለተኛው ፎቅ በር ገርበብ ብሏል። ሆምናት ስልክ ሲያወራ ማዶ ሰፈር ያለ ሰው የሚጠራ ይመስል ይጮኻል። «ኧረ ምንም አያስቡ ጌታዬ» ይላል፤ «ቤታችን ንጹሕ ቤት ነው። ላይ የተከራዩት ሰዎች ናቸው እንጂ... አዎ፣ የራይ ጎሳ ናቸው። ምን ይደረግ፣ የጎሽ ሥጋ እያደረቁ ሰገነቱን የቄራ ጓሮ አስመሰሉት። እኔማ ሽታው ሲመጣ ራሴን ያዞረኛል። በወሩ መጨረሻ አስወጣቸዋለሁ። ለዛሬም ቢሆን እናንተ ሳትደርሱ ይነሳል፤ ግዴለም።»

ባልዲዎቹን ደረጃው ላይ አስቀመጠቻቸው። «የራይ ጎሳ ናቸው» መባል አዲስ ነገር አይደለም፤ ካትማንዱ ከመጣች ጀምሮ ያልተባለችው የለም። በዚህ ቤት የውሃ ታንከሩ ሰገነቱ ላይ የእሷ በር ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ውሃው ግን የአከራዮቹ ነው ተብሎ፣ በየቀኑ ከምድር ቤት ቧንቧ ሦስት ፎቅ ተሸክማ ስትወጣም ምንም ብላ አታውቅም። ደሟን ያፈላው «ራሴን ያዞረኛል» ያለው ነው። ልክ የዛሬ ሳምንት፣ በዚሁ ሰዓት፣ ይኸው ራሱን የሚያዞረው ሰውዬ ሰገነቱ ላይ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱ ላይ ያለውን፣ ጎሽ የማይቀምሰው የካህን ዘር መለያ የሆነውን የብራህሚን ክር ወደ ጀርባው ገፋ አድርጎ፣ አንድ ሳህን ቋንጣ ከነቃሪያው ጠራርጎ ጣቶቹን ልሷል። ከልሶም በኋላ «ዛሬ ጨው አነስ ብሎታል» ብሏታል።

ይኸው አራት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ቱልሳ ቅዳሜ ጠዋት ቤተ መቅደስ ስትሄድ እሱ ታንከሩን አያለሁ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ቆርቆሮውን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ከዚያ ወደ ጃስማያ በር ዞር ይልና «ለመገጣጠሚያዬ ሐኪም ያዘዘልኝ ነው እንጂ» እያለ ይቀመጣል። ማድረቂያውም ቢሆን የራሱ እጅ አለበት። ምንጣፍ ፋብሪካው ተዘግቶ ከሥራ የወጣች ጊዜ፣ ቋንጣ እያደረገች ለመጠጥ ቤቶች ለመሸጥ ስታስብ፣ የት እንደምታደርቀው ጨንቋት ነበር። መንደር ውስጥ እናቷ ሥጋውን ከምድጃው በላይ ትሰቅለውና ጭሱና ሙቀቱ ሥራውን ይሠራል፤ እዚህ ያለው አንድ ክፍልና አንድ የጋዝ ሲሊንደር ነው። ሞተሩ የሞተ ፍሪጅ ከምድር ቤት አውጥቶ ከባሏ ከሳንቻ ጋር እየተጋገዘ ወደ ላይ ያወጣው ሆምናት ነው። ከመሥሪያ ቤቱ የተጣለ ኮምፒውተር ውስጥ ትንሿን ማራገቢያ ፈትቶ ያመጣው እሱ ነው። ሳንቻ የፍሪጁን ጎን በጋለ ብረት በሳስቶ ከታች ሁለት አምፖል አስገባ፣ ከላይ ማራገቢያዋን አሰረ፣ በመሃል የብስክሌት ጎማ ሽቦዎችን አጋደመ፣ ቀዳዳውን ሁሉ በአጎበር ጨርቅ ሸፈነ። ሆምናት አጠገቡ ቆሞ «አምፖሉን ዝቅ፣ ዝቅ አድርገው፣ ያቃጥለዋል» ሲል ነበር።

የአሁኑ ሥጋ ሐሙስ ነው የተገዛው። አሥራ ሁለት ኪሎ የጎሽ ታፋ፣ ኪሎው በስድስት መቶ ሩፒ፣ ስቡ የወጣለት። ጃስማያ በጣት ውፍረት ዘልዝላ፣ በጨው፣ በእርድ፣ በተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ምላስ በሚያደነዝዘው በቲሙር ቅመም አሽታ በሳፋ አሳደረችው፤ አርብ ጎህ ሲቀድ ሰቀለችው። እስከ እሑድ ጠዋት ካልተነካ እንደ ቅርፊት ይደርቃል። ሦስት መጠጥ ቤቶች ይጠብቁታል። መሃል ላይ ካቋረጡት ግን ላዩ ደርቆ ውስጡ ይሻግታል፤ ያ ደግሞ ለውሻም አይሆን።

ውሃውን አውጥታ ሳትጨርስ ባልና ሚስት ተከታትለው መጡ። ቱልሳ የሳሪዋን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ይዛለች። ዛሬ ቤተ መቅደስ አልሄደችም፤ ልጇን ስምሪቲን ለትዳር ሊያዩ የሚያገባት ልጅ ቤተሰቦች ለቀትር ይመጣሉ።

«ይሄን ጥንብሽን አንሺ» አለች ቱልሳ።

«ዲዲ፣ እህቴ፣ እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ይታገሱኝ። አሁን ከወጣ ይበላሻል።»

«ይበላሽ! ምን አገባኝ? የሚመጡት የካህን ዘር ናቸው። አባትየው ነጭ ሽንኩርት እንኳ የማይቀምስ ሰው ነው፤ በዚህ ሽታ ውስጥ ላስቀምጠው ነው?»

ጃስማያ ወደ ሆምናት ዞረች። «ዳይ፣ ወንድሜ፣ እርስዎም እንደዚያ ነው የሚሉት?»

ሆምናት ታንከሩን ኳ ኳ አደረገ። «ግማሽ ነው ያለው» አለ ለራሱ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር «ቱልሳ ያለችሽን አድርጊ» አላት።

ጃስማያ ለመናገር አፏን ስትከፍት ማራገቢያዋ ጸጥ አለች። ሳንቻ ነበር። ማንም ሳያዘው ሄዶ ሶኬቱን ነቅሎታል። ማይክሮባስ ይነዳል፤ ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ሲሰድበው፣ ትራፊክ ሲያስቆመው፣ ረዳቱ ሲነዘንዘው ይውልና ቤቱ ሲገባ የቀረው ነገር ዝምታ ብቻ ነው። ጃስማያ ዝምታውን ብዙ ጊዜ አዝናለት ችላዋለች። ዛሬ ግን ገመዱን እጁ ላይ እየጠቀለለ ሲያቀረቅር ስታየው፣ ከአከራዮቹ ይልቅ እሱን በጥፊ ብትለው ደስ ይላት ነበር።

ፍሪጁ በክፍላቸው በር አልገባ አለ። ቢያጋድሙት፣ ቢያቆሙት፣ መዝጊያውን ቢያወልቁት አልሆነም። ባዶውን ከታንከሩ ጀርባ አስተኝተው ሰማያዊ ሸራ ጣሉበትና ሥጋውን ብቻ ይዘው ገቡ። ክፍሏ አራት እርምጃ በሦስት ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን፣ ምድጃና ሲሊንደር፣ ግድግዳው ላይ እርጥበት የሠራው አረንጓዴ ካርታ። ከመስኮት እስከ በር የልብስ ገመድ ሦስት ዙር ወጥረው ሥጋውን ከአልጋው በላይ ሰቀሉት። ሳንቻ አንዱን አምፖል በተበሳሳ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቶ ወለሉ ላይ አኖረው፤ ማራገቢያዋን ወንበር ላይ አሰራት። ጃስማያ የአልጋ ልብሱን በላስቲክ ሸፈነች። ለመተላለፍ ሲፈልጉ አንዱ ይቆምና ሌላው እስኪያልፍ ይጠብቃል።

ሩብ ሰዓት እንኳ አልሠራ፤ መብራቱ ጠፋ። ወጥታ በደረጃው ወደ ታች ስታይ የጎረቤት ሬዲዮ ይዘፍናል፣ የሁለተኛው ፎቅ ኮሪደር በርቷል። ቱልሳ ቆጣሪው ዘንድ ቆማ የእነሱን ክፍል ብሬከር አውርዳለች።

«እንግዶቹ እስኪሄዱ ነው» አለች ቀና ብላ። «በርሽንም ዝጊ። መስኮቱንም። እንዳትወጪም።»

ጃስማያ ተመልሳ ገባችና በሩን በእግሯ ዘጋችው። «ሰማህ?» አለችው ባሏን። «እንደ በግ ዘጉብን እኮ!»

«ለጥቂት ሰዓት ነው።»

«ሰውዬው ሲበላ አላየህም? አንተ ራስህ አይደለህም ቃሪያ የምትቆርጥለት?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው አፍህ?»

ሳንቻ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ የተሰቀለው ሥጋ ጫፍ ፀጉሩን ነካው። «በዚህ ብርድ የት እንገባለን?» አለ።

በሩ በቀስታ ተንኳኳ። ስምሪቲ ነበረች፣ የአከራዮቹ ልጅ፤ ፀጉሯ ገና ያልተበጠረ፣ ፊቷ ላይ ግን ፓውደር የተቀባች። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። የሚመጣው ልጅ እዚያው የሚያስተምር ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ተደብቀው ሲነጋገሩ ቆይተው አሁን ገና ቤተሰቦቹ እሺ እንዳሉት ጃስማያ ታውቃለች፤ ለእናቷ ያልነገረችውን ለእሷ ነግራታለችና። ልጅቷ ወደ ውስጥ አልገባችም። የተሰቀለውን አየች፣ የጠፋውን አምፖል አየች፣ ከዚያ ማየት አቃታት።

«አክስቴ፣ አባቴ ስልክ ላይ ያለውን ሰምቻለሁ» አለች። «ምን እንደምልሽ አላውቅም። ዛሬን ብቻ ታገሽልኝ። አባቱ ሰበብ ነው የሚፈልጉት። ትንሽ ነገር ከሰሙ ተነሥተው ነው የሚሄዱት።»

«አንቺ ምን አደረግሽ?» አለች ጃስማያ። «ሂጂ፣ ፀጉርሽን አበጥሪ።»

ልጅቷ ወረደች። ጃስማያ የባሰ ነደዳት። ለቱልሳ የሚሆን ስድብ ነበራት፣ ለሆምናትም ነበራት፤ ለዚህች ልጅ ግን ምንም አልነበራት፤ ምንም ያልነበራት መሆኑ ደግሞ እጇን የፊጥኝ አሰረው። ቢላዋ አንሥታ ወፍራም ወፍራሙን ሥጋ ለሁለት ሰነጠቀች፣ በስሱ ቢያንስ ቶሎ ይደርቅ እንደሆን ብላ። ቢላዋው አንድ ጊዜ ጣቷን ለጥቂት ሳተው።

እንግዶቹ ከቀትር በኋላ ደረሱ። ታች ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ በብርድ ወር ደግሞ ካትማንዱ ውስጥ እንግዳ የሚከበረው በፀሐይ ነውና፣ ሆምናት «ሰገነት ላይ እንውጣ፣ ሙቀት አለ» ሲል ተሰማ። ጃስማያ ጆሮዋን ማመን አቃታት። በሯ ፊት ለፊት፣ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ምንጣፍ ሲነጠፍ፣ መንደሪን በትሪ ሲቀርብ፣ ኦቾሎኒ ሲፈለፈል በመጋረጃው ስንጥቅ አየች። አባትየው ረዥም፣ ከሲታ፣ ነጭ ሻርፕ የጠቀለለ ሰው ነው። ልጁ ጫማውን እያየ ተቀምጧል። ስምሪቲ በቀይ ሳሪ ሻይ ይዛ መጣች፤ ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ ይንጫጫሉ።

ብዙ ተወራ። የሲሚንቶ ዋጋ፣ የአንዱ ዘመድ ቀዶ ጥገና፣ የመንገዱ አቧራ። ከዚያ አባትየው መንደሪን መላጡን ተወና አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዞረ።

«ይሄ የነገሩኝ ሽታ ነው?»

«እሱ ነው» አለ ሆምናት። «ነገርኩዎ እኮ፣ እነዚያ ሰዎች ናቸው። ነውር አያውቁም፣ ንጽሕና አያውቁም፤ አፈር ላይ ያደጉ ናቸው። አስጠንቅቄያቸዋለሁ፤ ወር አይቆዩም። የእኛ ቤት እኮ፣ ጌታዬ፣ አያቴ ለሰባት መንደር ካህን የነበሩ ሰው ናቸው። እኔም ብሆን በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ምላሴ ላይ አርፎ አያውቅም።»

የጃስማያ እጅ የበሩ መቀርቀሪያ ላይ ነበር። መቼ እንደያዘችው አታስታውስም። መቀርቀሪያውን ብትስበው፣ ሁለት እርምጃ ብትወጣ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ብትናገር ይበቃ ነበር። ሳንቻ ከአልጋው ተነሥቶ አያት፤ አልከለከላትም። በስንጥቁ በኩል የስምሪቲ እጆች ታዩአት፤ ልጅቷ ባዶውን ትሪ ደረቷ ላይ አቅፋ ወደዚህ በር ታያለች። ጃስማያ መቀርቀሪያውን ለቀቀች። ሻሏን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነከሰችውና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከአሥር ሰዓት በፊት ተሰናብተው እስኪሄዱ፣ ግንባራቸው ላይ የበረከት ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ ሳቅ በሳቅ ሆነው ደረጃውን እስኪወርዱ እዚያው ነበረች። ከላይዋ ያለው ሥጋ ሽታው ተለውጦ እንደሆነ በየጊዜው እየተነሣች ታሸተው ነበር። በስተመስኮት ያለው ረድፍ መዝለግለግ ጀምሯል።

ፀሐይ ከኮረብታው ጀርባ ስትል መብራቱ ተመለሰ። አምፖሉ በርቶ ማራገቢያዋ መዞር ከመጀመሯ ሆምናት ጫማውን ደጅ አውልቆ በካልሲ ገባ። በዚህ ሰዓት መጥቶ አያውቅም። ግንባሩ ላይ ያለው ቀይ ቀለም ቅንድቡ ላይ ፈሷል፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ አባት አብርቷል።

«አለቀ!» አለ በሹክሹክታ። «በመጋቢት ሠርግ ነው። አንቺም ዛሬ ጨዋ ሆነሽ ዋልሽ፣ ጃስማያ፤ አልረሳውም። ያ የወሩ መጨረሻ ያልኩትን ልብ ላይ አታኑሪው፤ ለእንግዳ የሚባል ነገር ነው። ትንሽ ትቆያላችሁ።» እጁን ወደ ገመዱ ሰደደና አንዱን ዝልዝል በሁለት ጣቱ ጨመቅ አደረገው። «አልደረቀም እንዴ?»

«መብራት ጠፍቶ ነበር» አለች።

«ምንም አይደል። እርጥብ እርጥቡም ይጣፍጣል። ጠዋት ስላመለጠኝ ቀኑን ሙሉ አፌ ሲመረኝ ነው የዋለው። እስቲ ትንሽ በዘይት ሞቅ ሞቅ አድርጊልኝ፤ ቱልሳ ዕቃ እያጠበች ነው።»

ሳንቻ ሚስቱን አየ። የተሰደበች ሴት ፊት ነው የጠበቀው፤ ያየው ፊት ግን እጅግ የረጋ ነበር፤ መርጋቱም አላረጋጋውም። ጃስማያ ከደህናው ረድፍ አምስት ዝልዝል አወረደች። ምድጃውን አቀጣጠለች። የሰናፍጭ ዘይቱ እስኪጨስ ጠበቀች፣ ሥጋውን ከተፈች፣ ሽንኩርት ጣለችበት፣ ቃሪያ ሰነጠቀች። ሽታው ክፍሏን ሞልቶ በተከፈተው በር ወደ ደረጃው ወረደ። ሆምናት አልጋው ላይ ተመቻችቶ ክሩን ወደ ጀርባው ገፋ። ሳህኑን ስታቀርብለት ሳይተነፍስ ጀመረ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከጎረሰ በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ።

«ጥሩ ነው?» አለችው።

«እ... ጨው ብቻ ትንሽ...»

ጃስማያ ወጣች፤ ደረጃው ራስ ላይ ቆመች። እዚህ ቤት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናግራ አታውቅም፤ አሁን ግን ከምድር ቤት እስከ ጎረቤት እንዲሰማ አድርጋ ተጣራች።

«ቱልሳ! ኧረ ቱልሳ! ባልሽ ጎሹ ጨው አነሰው ይላል፤ ጨው ይዘሽ ነይ!»

ታች የሚንኳኳው ዕቃ ቆመ። ክፍሉ ውስጥ ሆምናት ሳህኑን የሚያስቀምጥበት አጣ፤ አልጋው ላይ ሊያኖረው አለ፣ ከዚያ ወደ ሳንቻ ዘረጋው። ሳንቻ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣጥፎ አልተቀበለውም። የቱልሳ ነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ጧ ጧ ሲል ተሰማ። በሩ ላይ ስትደርስ እጇ ገና ሳሙና ነበረው። ባሏን አየችው። የሞላ አፉን አየችው። አልጮኸችም።

«ዋጠውና ውረድ» አለችው።

ዋጠው። በካልሲው፣ ጫማውን እንኳ ሳያነሣ፣ ግድግዳውን ታክኮ በጎኗ አለፈ። ጃስማያ የምትጠብቀው ልቅሶ ነበር፣ ወይም እርግማን። ቱልሳ ግን ፊቷን አዙራ እጇን ሳሪዋ ላይ ጠረገች።

«የማላውቅ መስሎሽ ነው?» አለች። «አራት ዓመት ሙሉ ሸሚዙን የማጥበው ማን ሆነና? ቲሙር ቲሙር ሲሸተኝ ነው የምተኛው።»

ጃስማያ ያሰበችው ሁሉ፣ ቀኑን ሙሉ ጥርሷን ነክሳ ያጠራቀመችው ሁሉ፣ ይህችን ሴት ያስደነግጣታል ብላ ነበር።

«አውቀሽ ነው?» አለች። «አውቀሽ ነው ጥንብሽን አንሺ ያልሽኝ? አውቀሽ ነው መብራት ያጠፋሽብኝ?»

«ታዲያ ማንን ላስወጣ?» አለች ቱልሳ። «ባሌን?»

«እኔን ማስወጣት ቀለለሽ።»

«አዎ፣ ቀለለኝ» አለች ቱልሳ። ድምፅዋ ውስጥ ሀፍረትም ቁጣም አልነበረም፤ እንደ ደከመው ሰው ነው የተናገረችው። «እስከ እሑድ ሳምንት ውጡ።» ወደ ደረጃው ዞረችና የባሏን ጫማ አንሥታ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወረደች።

ሳንቻ በሩን ዘጋ። ጃስማያ የተበላሸውን ረድፍ ታወርድ ጀመር፤ አሽትታ የሚጣለውን በአንድ ላስቲክ፣ የሚተርፈውን በሌላ። ግማሹ ተበላሽቷል ማለት ይቻላል። አሁን ገና እንባዋ መጣ፤ የሐዘን አልነበረም፤ በመዳፏ እየሞዠቀች አባረረችው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ ሳንቻ ከኋላዋ። «ቤቱን ስንከራይ ሆምናት ጠይቆኝ ነበር። ጎሽ ትበላላችሁ ወይ ብሎኝ ነበር። አንበላም ብዬዋለሁ። ሌላው አከራይ ሁሉ እንበላለን ስንለው እየመለሰን ስለሰለቸኝ ነው። አንቺ ያኔ ዕቃ እየጠበቅሽ ታች ነበርሽ።»

ዞራ አየችው። በሃያ ዓመት ትዳር ውስጥ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ልትቆጣው ፈለገች፤ ቁጣዋ ግን ዛሬ ብዙ ቦታ ሄዶ ለእሱ የቀረው ጥቂት ነበር።

«ነገ ጠዋት ቤት ፍለጋ አብረን ነው የምንሄደው» አለችው። «የምናገረው እኔ ነኝ። ኪራዩ ስንት ነው ከማለቴ በፊት፣ ራይ ነን፣ ጎሽ እንበላለን፣ ቤት ውስጥም አደርቃለሁ ብዬ ነው የምጀምረው። የማይፈልገን ፊት ለፊቴ ቆሞ አልፈልግም ይበለኝ።»

«ብዙ በር ነው የምናንኳኳው።»

«እናንኳኳለን።»

ሳንቻ ወንበሩን ጎትቶ ማራገቢያዋን ወደ ተረፈው ሥጋ አዞራትና፣ የገመዱን ሌላኛውን ጫፍ ይዞ ይወጥርላት ጀመር።